ለባባ ማን ይበላለታል?

ማቱራ፣ የቀለም በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ እ.ኤ.አ. 1956

ለባሌ ታናሽ ወንድም፣ ለላላጂ ባንዋሪ፤

እናት ያሙና ውሃዋን አታጉድልብህ፤ ባለህበት ከክፉ ዓይን ትሰውርህ። የኛን ጤንነት ብትጠይቅ በሕይወት አለን። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ። የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ እየበላህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ጨርስ።

ፊልምህ ማቱራ ገባ። በሲኒማ ቤቱ ግንብ ላይ ቤት የሚያህል ሥዕልህን ለጥፈዋል፤ ጉንጭህ ተነፍቶ፣ በሁለት እጅህ የወተት ጣፋጩን ፔዳ ጨብጠህ፣ ከሥርህ «ፔዳ ማሃራጅ» ተብሎ ተጽፎ። አባትህ ባባ ያወጣልህ ስም የት እንደገባ እንጃ። ወንድምህ እንዳላይ ከለከለኝ፤ ስለዚህ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተሸፋፍኜ ሄድኩ።

አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከአህያዋ ጋር ስትጣላ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ኋላ ግን ካህን ሆነህ ተዝካር ድግስ ላይ ተቀመጥክ። የሽርጥህን ቋጠሮ በአንድ ጣት ላላ አደረግከው። ፔዳውን ዋጥክና ዓይንህን ጨፍነህ፣ ቀኝ እጅህን ሆድህ ላይ አሳርፈህ ቀስ ብለህ ወደ ታች አሻሸህ። ከዚያም አንድ ጣት አንስተህ «ለሟቹ አንድ ይጨመር» አልክ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን መሳቄን ተውኩ። ያ ጣት የባባ ጣት ነው። ያ የሆድ አሻሸትም የባባ ነው። ተጸየፍኩህ፣ ላላጂ። ዛሬም ስጽፍልህ እየተጸየፍኩህ ነው።

ባባ ዕድሜ ልኩን ሲበላ የኖረው ለራሱ እንዳልሆነ አንተ ካላወቅህ ማን ሊያውቅ ነው? ተሳላሚው የእናቱን ስም ይዞ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ «እናቴ ተርባ እንዳትቀር ይብሉልኝ» ብሎ የምግቡን ቅጠል ከባባ ፊት ይዘረጋል። በመጨረሻ «ጠገቡ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ባባ «ጠግቤአለሁ» ካላለ ሟቿ አልጠገበችም፤ ሰውየውም ተነሥቶ አይሄድም። አንተ በፊልሙ ውስጥ «ጠግቤአለሁ» አላልክም። አንድ ይጨመር፣ አንድ ይጨመር ብቻ።

በማግስቱ ባባ ወደ ወንዙ ሲወርድ የሰፈሩ ወጠጤዎች ጭቃ አድቦልቡለው «ፔዳ ማሃራጅ፣ አንድ ይጨመር?» እያሉ ተከተሉት። እሱ ፊልሙን አላየም። ነገሩ ስላልገባው ጭቃውን ተቀብሎ አመሰገናቸው። የነገሩት በላተኞቹ ናቸው፣ እንደሱ ለሟች የሚበሉት፣ አብረውት የሚቀመጡት ካህናት። ሽማግሌው ባልዴቭ ሰበሰባቸውና የወንዙን ውሃ ዘግነው ማሉ፤ ከእንግዲህ ማንም ካህን በኛ ቤት ተዝካር ላይ አይቀመጥም። አገር የሳቀባቸው በኛ ልጅ ነዋ።

የባባ ሳል ዘንድሮ ብሶበታል። ስላንተ አንድ ቃል አልተናገረም። ሲነጋም ሲመሽም አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ «እኔ ስሞት ማን ይበላልኛል?» ይላል። 

የላክኸውን ገንዘብ ወንድምህ መልሶታል፤ «በአባቴ ሆድ የተነገደበት ነው» ብሎ። እኔን ብትጠይቀኝ ቀሚስ እገዛበት ነበር።

ባውጂህ ኬሳር


ቦምቤይ፣ ሚያዝያ 20

ምላሷ በርበሬ ለሆነው ለወንድሜ ሚስት፣ ለውድ ባውጂዬ፤

ከዚህ ሆኜ እግርሽን እነካለሁ፤ የባባንም፣ የታላቅ ወንድሜን የዳዳንም። ዳዳ እግሩን ቢሰበስብ እንኳ ደብዳቤ ይደርስበታል። እኔ ደህና ነኝ ማለት ወግ ስለሆነ ደህና ነኝ።

አንቺም እንደ ሰዉ ሁሉ እዚህ ቁጭ ብዬ ፔዳ የምበላ ይመስልሻል። እስቲ ሥራዬን ልንገርሽ። ለድግስ የምንቀጥራቸው አጃቢዎች ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡ ምስኪኖች ናቸው፤ ምግብ ከቀረበ ካሜራው ሳይነሣ ሳህኑ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የዕቃው ኃላፊ ጠዋት መጥቶ በተጠበሰው ቂጣ በፑሪውም በጣፋጩም ላይ ላምባ ይረጭበታል። የኔ ሳህን ብቻ ይተርፋል። እሱም ከሌላው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚውል ፔዳዬ ፋኖስ ፋኖስ ይላል። መብራቱ እንደ እቶን ነው፤ ቅቤው ቀልጦ በክርኔ ይወርዳል፣ ዝንቡ ከንፈሬ ላይ ያርፋል፣ ዳይሬክተሩ «ዝንቡን ተወው፣ ያስቃል» ይላል። አንድ ጊዜ እውጣለሁ። ብርሃኑ አልተስማማም ተብሎ ይደገማል። ጀግናው ዘግይቶ ገባ፣ ይደገማል። ከካሜራው ጀርባ ባልዲ አለኝ። በቃ ሲሉኝ ሄጄ ባልዲው ላይ እተፋለሁ፣ አፌን እጉመጠመጣለሁ፣ ተመልሼ ጉንጬን እነፋለሁ። ባልዲውን አንድ ቀን ቀና ብዬ አየሁትና ለሳምንት እህል አልወረደልኝም። ጣፋጭ የሚባል ነገር አንገሽግሾኛል። በልጆች ጥርስ ላይ ሳየው እንኳ ፊቴን አዞራለሁ።

ከባባ ሰረቅህ ትይኛለሽ። ዳይሬክተሩ «ሆዳም ካህን ሁን» አለኝ፤ እንዴት ልሁን ብዬ ሳላስብ እጄ ራሱ ሄደ። እጅ ያደገበትን ነው የሚያውቀው። ባባ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሆዱን እያሻሸ ሲያጣጥም አጠገቡ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። እንደሱ ደስ ብሎት የሚበላ ሰው አላየሁም። ያንን ደስታ ነው ለሰው ያሳየሁት። ምኑ ላይ ነው ነውሩ?

ስለ በላተኞቹ ደግሞ አታስቢ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የለም። ባልዴቭን አውቀዋለሁ፤ የቅቤ ሽታ ሲደርሰው መሐላው ይቀልጣል። ሰው ሳቀ ተብሎ ሰው አይራብም።

ታዛዥሽ ባንዋሪ


ማቱራ፣ የሙቀቱ ወር

ላላጂ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ለኛ አልሆነም።

የእናትህን ሙት ዓመት ደገስን። ቅቤው መሐላቸውን ያቀልጠዋል አላልክም? አምኜህ ቅቤ ሳልሰስት ሠራሁ። ወተቱን ከጎህ ጀምሬ ሳማስል ክንዴ ደነዘዘ፤ እናትህ የምትወደውን ፔዳ በእጄ ጠፈጠፍኩ። ወንድምህ ከበር እስከ በር ቅጠል ዘረጋ፣ በየቅጠሉ ውሃ አስቀመጠ፣ ባዶ እግሩን በሩ ላይ ቆመ።

አንድም ሰው አልመጣም።

ባልዴቭ በደጃችን ሲያልፍ አፍንጫውን በጨርቁ ሸፈነ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል፤ እነሱ ስንት ዘመን በልተውበት ሸሹ። ባባ ከባዶው ቅጠል ትይዩ ቁጭ ብሎ ጥላው እስኪዞር ጠበቀ። ተነሥ ብንለው አይነሣም። ሙቀቱን ታውቀዋለህ፤ የሩዙ ወተት አረፋ አውጥቶ ጎመዘዘ፣ ፔዳው አላበው፣ ዝንብ ጥቁር ልብስ አለበሰው። ጦጣዎቹ ከጣሪያ ወርደው ቅጠሉን ጎተቱት። ወንድምህ በዱላ ሲያባርራቸው ወተቱ አንሸራትቶት ወደቀ፤ የሚያልፈው ሁሉ ሳቀበት። እንደ ፊልም ነበር፣ ብታየው ትወደው ነበር። እናትህ ምን እንደበላች አላውቅም። የበሉላት ጦጣና ዝንብ ናቸው።

የቀረውን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርን። እጄን በአመድ ብፈትገው፣ በሎሚ ብፈትገው ሽታው አልለቀኝም።

ባባ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአልጋ አልተነሣም። «ለሷ ማን በላላት?» እያለ ይጠይቀኛል። በላላት ሰው አለ ብዬ ዋሸሁት። ማን ነው ሲለኝ ግን ስም አጣሁ።

ኬሳር


ቦምቤይ፣ ነሐሴ 11

ለባውጂዬ፤

መልስ ሳልሰጥሽ ክረምቱ ገባ። እስክሪብቶውን እያነሣሁ መልሼ አስቀመጥኩት፤ ከሰላምታው አልፎ አልሄድ አለኝ። ዛሬም ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ።

ወደ ፊልሙ ባለቤት ሄጄ ያቺን ድግስ ቁረጥልኝ አልኩት። ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ፤ የቀለድኩ መሰለው። አስቂኝ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ ቁም ነገር ሲናገር የበለጠ ያስቃል። አባቴ ታሟል አልኩት። «ይህቺን ፊት ለቀጣዩ ፊልም አስቀምጥልኝ» አለኝ። ቀጣዩ ፊልም ላይ ካህኑ ከአስከሬን አጠገብ ተቀምጦ ይበላል። ፈርሜበታለሁ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት፤ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለኔ ነው።

ባለፈው የአንድ ጥጥ ነጋዴ ልጅ ሠርግ ላይ ጠሩኝ። እንደ ሰው የጠሩኝ መስሎኝ የክት ልብሴን ለበስኩ። ሙሽሮቹን ከመባረኬ በፊት ላድዱ የሚባለውን ጣፋጭ እንደ ተራራ ከፊቴ ከመሩና እንግዳው ዙሪያዬን ከበበ። «አንድ ይጨመር በል» ይሉኛል። ሴቶቹ በእጃቸው እያጎረሱኝ ይንከተከታሉ። አንዷ ጣቷን አፌ ውስጥ ከታ አወጣችና በሳሪዋ ጠረገችው፤ እሷ ተጸየፈችኝ፣ እስቲ አስቢው። ባልዲ አልነበረም። ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ አስመለስኩና ተመልሼ ገብቼ ሆዴን አሻሸሁላቸው። ራሴ እንዲያ ቀፎኝ አያውቅም።

የእናቴን ድግስ ካነበብኩ ወዲህ የሩዝ ወተት ሽታ ይዞኛል፤ ስቱዲዮም አይለቀኝም። እንቅልፌን አጥቻለሁ። ሌላ ሰው ከጠፋ እኔ መጥቼ ለባባ ልብላለት? አገር ያጨበጨበለት ሆድ ለአባቱ ሥራ ፈት ነው። ልጅ የአባቱን ተዝካር እንደማይበላ አውቃለሁ፤ ደጋሽና እንግዳ አንድ ሰው አይሆንም። ሌላ የምለው ስለጠፋኝ ነው።

ባንዋሪ


ማቱራ፣ የክሪሽና ልደት ሰሞን

ለላላጂ፤

ያሙና ሞልታ ደረጃውን ውጣዋለች፤ ያንተንም ሐሳብ እንዲህ ትሙላልህ።

ቀልድህን ለአክስትህ ለቡዋ ራምካሊ አነበብኩላት። የባባን ሕመም ሰምታ ከብሪንዳባን ከነባሏ በበሬ ጋሪ መጥታለች። እንደምታውቃት ነው፤ ጥርስ የላትም፣ ምላሷ ግን የሁላችንን ጥርስ ያህል ይሠራል። አንብቤ ስጨርስ ትንባሆዋን ተፋችና «ይህ ልጅ ሞኝ መስሎ ብልጥ ነው» አለች።

«ምኑ ነው ብልጥ?» አለ ወንድምህ።

«ልጅ ለአባቱ አይበላም። የእህት ልጅ ግን ለአጎቱ ይበላል። የእህት ልጅ አፍ የስንት ካህን አፍ ነው? እኔ ደግሞ እህት ነኝ፤ የጎደለኝ ልጅ ነው።»

 አየህ፣ ባባ አንተን ለቡዋ ቢሰጣት የሷና የባሏ ልጅ ትሆናለህ፤ ለባባ የእህቱ ልጅ ነህ። በተዝካሩ ላይ ካንተ በላይ የተከበረ እንግዳ አይኖርም። በላተኞቹ መጡ ቀሩ ምን ቸገረን? አዋቂውን ጠየቅን፣ ይሆናል አለ፤ ግን ሰጪው ራሱ አባት ነው። በሕይወት እያለ፣ በገዛ እጁ በእጅህ ላይ ውሃ አፍስሶ «ሰጠሁ» ማለት አለበት። ወንድም አይሰጥም፣ ሬሳ አይሰጥም።

ወንድምህ «ይህን ቆሻሻ ከቤት ላውጣ ስል ስንት ዓመቴ፤ አሁን በምርቃት ይውጣ ትሉኛላችሁ?» አለ።

ቡዋ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ለኔ ምን አሰብክ? ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። እኔ ከነንፍጡ ወስጄዋለሁ።»

ባባ ዓይኑን ከፈተ። ሰምቶ ኖሯል። «ልጁ ይፈቅዳል ወይ?» አለ። ያንተን ስም ከጠራ መንፈቅ ሆኖታል፤ አሁንም አልጠራም፣ ግን «ልጁ» አለ።

ክፉውንም ሳልነግርህ አልቀር። ከሰጠህ በኋላ የዚህ ቤት ልጅ አይደለህም። ሲሞት እሳቱን አትለኩስም፣ ጸጉርህን አትላጭም፣ በስሙ ውሃ አታፈስም። በሐዘኑ ቀን ከጎረቤቱ ጋር ትቆማለህ። እኔ ብሆን አልችለውም። አንተ ግን ና። ውሃው ሳይጎድል ና።

ባውጂህ ኬሳር


ቦምቤይ፣ መስከረም 2

ባውጂ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አሁን መምጣት አልችልም። የአስከሬኑን ድግስ እየሠራን ነው፤ የፊልሙ ቤት በሙሉ ከእንጨት ተሠርቷል፣ እኔ ከሌለሁ ስንት ሰው ሥራ ይፈታል። የዱርጋ በዓል ሲያልፍ እመጣለሁ።

እዚህ ስመጣ ስሜን ወስደው የጣፋጭ ስም ሰጡኝ። የቀረኝ የባባ ልጅ መሆኔ ብቻ ነበር። እሱንም አምጣ ትሉኛላችሁ። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

ባ.


ማቱራ፣ ረቡዕ

ላላጂ፤

በዓል አትጠብቅ። ባባ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በጨርቅ ጫፍ ውሃ ነው የሚጠባው። ቡዋ አልጋው ሥር ተቀምጣ ለ«ሰጠሁ» የሚሆነውን የውሃ እንስራ ባዶውን ታቅፋለች። ሰው በገባ ቁጥር በሩን ያያል።

የፊትህን ቀለም ሳትታጠብ ና።

ኬሳር


ማቱራ፣ የመብራት በዓል ሊገባ ሲል

ለላላጂ፤

ያሙና እናት በሄድክበት ትከተልህ። እንግዳ በልቶ ሳይሰናበት አይሄድም ይባላል፤ አንተ ግን በልተህ ተነሥተህ ሄድክ። በጓዳ በር ብቅ ስል ጀርባህን ብቻ አየሁት፣ ወደ ጣቢያ ስትሄድ። አልጠራሁህም፤ አካሄድህ የሰከረ ሰው አካሄድ ነበር።

የውሃውን ቀን እኔም አይቻለሁ፤ እሱን አትንገረኝ። በእውነት ከነቀለምህ መጣህ። ከጆሮህ ጀርባ ነጭ ነበር፣ ቅንድብህ የሌላ ሰው ነበር። ባባ ቀለሙን በአውራ ጣቱ ነካው፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ወንድምህ እጁን ደግፎለት ባባ ውሃውን በእጅህ ላይ አፈሰሰ። «ሰጠሁ» ያለው በስንት ትንፋሽ መሰለህ። ከዚያ ቡዋን «ሆዱን ጠብቂለት» አላት። ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም ሳቅ መጣብኝ። ሆድህን እንጂ ነፍስህን እንድትጠብቅ አላላትም።

ባባ አርፎ እሳቱ ሲለኮስ ከጎረቤቶቹ መሐል ቆመህ አየሁህ። ወንድምህ ራሱን ተላጭቷል፤ ያንተ ጸጉር እንዳለ ነው። ሰዎች «ይህ የማን ልጅ ነው?» ሲባባሉ ሰምተሃል። ቡዋ ከሴቶቹ መሐል ሆና «የኔ ነው» ብላ ጮኸች። ሰማሃት ወይስ አልሰማሃትም?

ስለ ድግሱ ግን ምንም አላየሁም። እኔ ከጓዳ ነበርኩ፤ ፔዳውን ሠርቼ በበር ቀዳዳ አቀብዬ ጨረስኩ። የሰማሁት መጀመሪያ ብዙ ሳቅ፣ ኋላ ጸጥታ ነው። አሁን ከተማው እንደየአፉ ያወራል። አንዱ ቀለደብን ይላል፣ አንዱ አለቀሰ ይላል። ወንድምህን ብጠይቀው ተነሥቶ ይወጣል። ያንተን ቅጠል ማንም እንዳይነካው ብሎ ራሱ አንሥቶ ወንዝ ወሰደው። ራሱ፣ በእጁ፣ ትርፍራፊህን። አንተን የሚጸየፈው ሰው።

የደከምኩበት ድግስ ነው፤ ሳይሸረፍ ንገረኝ። ባባ በላ ወይስ አልበላም?

ባውጂህ ኬሳር


ቦምቤይ፣ ኅዳር 6

ለባውጂ ኬሳር፣ እጇ ለማይነጥፍ፤

እግርሽን እነካለሁ። ሳልሰናበት የሄድኩት አፌን መክፈት ስለማልችል ነበር። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ።

ቡዋን ሰምቻታለሁ።

እንደተመለስኩ የአስከሬኑ ድግስ ላይ ሊያስቀምጡኝ ሳህኑን አቀረቡ። አልበላም አልኳቸው። ሰካራም ልሁን፣ ደንቆሮ ባል ልሁን፣ በጥፊ ምቱኝ፤ ያቺን የሆድ አሻሸት ግን ከእንግዲህ አልሠራም። ባለቤቱ «ያለሷ ማን ሊያይህ ይመጣል?» አለኝ። እኔም አላውቅም። ሌላ ሆዳም እየፈለጉ ነው።

አሁን ድግሱን ልንገርሽ። ዳዳ አንድ ቅጠል ብቻ ነው የዘረጋው። ደጃፉ ግን ጢም ብሎ ነበር፤ ፔዳ ማሃራጅ ሊበላ ነው ተብሎ ከገበያ ሳይቀር ሰው መጥቷል፣ ጣሪያ ላይ ተሰቅለዋል። በላተኞቹ ከመንገዱ ማዶ በረድፍ ቆመዋል፣ ባልዴቭ ከፊት። ዳዳ ጎንበስ ብሎ እግሬን አጠበ። በጆሮዬ እየጎተተ ያሳደገኝ ሰው ነው። ይጸየፈኛል፤ ውሃውን ግን በጣቶቼ መሐል ሁሉ አስገባ።

የመጀመሪያውን ፔዳ ስጎርስ ሳቁ። ሁለተኛውንም ሳቁ። አንዱ ከጣሪያ «አንድ ይጨመር!» አለ። ላምባ የሌለበት ፔዳ ከበላሁ ስንት ዘመኔ ነው። ጥሩ እንደነበር አውቃለሁ ባውጂ፣ እጅሽን አውቀዋለሁ፤ ግን ምላሴ አላወቀውም። ጣፋጩ ምላሴን ሲነካ ስቱዲዮው ሁሉ ተነሣብኝ፤ ባልዲው፣ ዝንቡ፣ የዚያች ሴት ጣት። ወደ ጀርባዬ ዞርኩ፤ ባልዲ የለም። ዳዳ ደግሞ ቆሞ ይጨምራል፤ ፑሪ፣ የሩዝ ወተት፣ እንደገና ፔዳ። እምቢ ማለት አይቻልም፣ የባባ ድርሻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሆዴ ተገለበጠ፤ እስከ ጥርሴ መጣ።

ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ዓይኔ ራሱ ተጨፈነ። ቀኝ እጄ ራሱ ሆዴ ላይ ሄዶ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፣ የመጣውን ወደ ቦታው ሊመልሰው።

ትወና አልነበረም ባውጂ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባባ ሲያጣጥም አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ አጠገቡ ተቀምጬ ደስታ ነው ብዬ ያየሁት ሰውየው ትውከቱን ሲውጥ ነበር። በየቀኑ የሰው ሟች ከፊቱ ይዘረጋለታል፤ አንገሽግሾት፣ እጅ እጅ ብሎት፣ እናቷ የሞተችባት ሴት ዓይን ዓይኑን እያየች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ታች ያወርደዋል። ከዚያ ደግሞ ጣቱን አንሥቶ አንድ ይጨመር ይላል፣ ልጅቱ እናቴ ጠገበች ብላ እንድትሄድ። እኔ ያንን ነው ለሕንድ ሁሉ እንደ ሆዳምነት ያሳየሁት። ጸያፉ ነገር ፔዳው አልነበረም።

ሰዉ ገና ይስቅ ነበር። ባልዴቭ ግን አልሳቀም። እጄ ሆዴ ላይ ሲወርድ አየው፤ የሱም እጅ ሳያውቀው ሆዱ ላይ ሄደ። ኋላ ወደ ወጠጤዎቹ ዞሮ «ውረዱ ከጣሪያው። ሰው እየሠራ ነው» አላቸው። የሰማሽው ጸጥታ እሱ ነው። አልገባም፣ አልተቀመጠም፤ እስክጨርስ ግን ባዶ እግሩን ቆመ።

እኔም ጣቴን አነሣሁ። «ለሟቹ አንድ ይጨመር» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ዳዳ ያንቺን ፔዳ አምጥቶ አስቀመጠልኝ፣ በላሁት። ከዚያ ከፊቴ ተንበረከከና እንደ እንግዳ፣ እንደ ካህን፣ «ጠገቡ ወይ?» አለኝ። አንተ ብሎ የሚጠራኝ ዳዳ።

«ጠግቤአለሁ» አልኩት። በሠራሁት ፊልም ሁሉ ይህችን ቃል ሰጥተውኝ አያውቁም። ባባ በልቷል፣ ባውጂ። ለእናቴም አንድ ቀን ቡዋ መላ ትፈልግላት።

የሄድኩበት ምክንያት ይህ ነው፤ ሆዴ አልረጋም ነበር፣ በዚያ ደጃፍ ላይ ባስመልስ ሁሉ ነገር ከንቱ ነው። ጥርሴን ነክሼ ባቡር ገባሁ። ገና ከጣቢያው ሳንወጣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አወቀኝ፤ ልጆቹን ቀሰቀሰ፣ ሰዉን ጠራ፣ የማቱራ ፔዳ የሞላበት ቆርቆሮ ከፍቶ አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። ሽታው ሲደርሰኝ ሁሉም ተነሣ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ አንገቴን ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዓይኔን ጨፈንኩና እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ይሳቁ። ባባ ተርቦ እንዳይመለስ፣ እስከ ቦምቤይ ድረስ አላስመለስኩም።

የቡዋ ራምካሊ ልጅ፣
ባንዋሪ